ቁልፋቸውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጡት ሰው

እናቴ የደወለችልኝ ክፍል ልገባ ስል ነበር። በዚያ ሰዓት እንደምማር ስለምታውቅ ደውላልኝ አታውቅም። «ማህሌት፣ ጋሽ ወንድሙ አረፉ» አለችኝ። «እራታቸውን በልተው ተኙ፤ ጠዋት አልተነሡም።» ደግሞም «ፈተና ካለሽ አትምጪ፤ እኔ ባንቺም ፈንታ እቀመጣለሁ» አለች።

ፈተና ነበረኝ። ተፈትኜ በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ልደታ ስደርስ ቀብሩ አልፎ ነበር፤ ድንኳኑ ግን ከብሎካችን ፊት ለፊት እንደተተከለ ነው። ለቅሶ የሚደርሱት ሰዎች የሚያወሩት ስለ ሶፋ ነበር። አንዱ ለሠርጉ ያሠራውን፣ ሌላው ልጆቹ ሲዘሉበት አድገው እስካሁን ያልተሰበረውን ያነሣል። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ጋሽ ወንድሙን የማስታውሳቸው በሌላ ነገር ነው፤ አምና ስለ ውሃው በተደረጉት ሁለት ስብሰባዎች። በአንደኛው እኔም ተሳስቼ ስለነበር እሱንም ሳልደብቅ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ጋሽ ወንድሙ ሶፋ ሠሪ ነበሩ። ወርክሾፓቸው ጌጃ ሰፈር ውስጥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ቅያስ መጨረሻ ላይ ነው። አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ጣቶቻቸው በሙጫ የደረቁ ሰው ነበሩ። ሲሠሩ ምስማር በከንፈራቸው ይይዛሉ። ሰው ካናገራቸው ምስማሮቹን አንድ በአንድ አውጥተው መዳፋቸው ላይ እስኪደረድሩ ድረስ መልስ አይሰጡም። የቸኮለ ሰው በዚህ ይናደድ ነበር። እኔ ግን ትንሽ ልጅ ሆኜ ምስማሮቹን መቁጠር እወድ ነበር።

ሰው ቤት ሲገቡ ከመቀመጣቸው በፊት የመቀመጫውን ጠርዝ በሁለት ጣታቸው ቆንጠጥ ያደርጋሉ። አንድ ቀን የኛን ሶፋ ቆንጥጠው ፊታቸውን ሲያጨማድዱ እናቴ «ስፖንጁ እንዴት ነው ጋሽ ወንድሙ?» አለቻቸው። እናቴ ነርስ ስለሆነች ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ነው የሚላት። «ይሄ ስፖንጅ አይደለም ሲስተር፣ የስፖንጅ ትዝታ ነው» አሏት። በሚቀጥለው ሳምንት ከተክለ ሃይማኖት ስፖንጅ ገዝተው መጥተው ለወጡት።

ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ «ተነሥተን እንየው።» ሁለት ሰው በልብስ ማስጫ ገመድ ወይም በመኪና ማቆሚያ ከተጣላ፣ ጋሽ ወንድሙ ማን እንደጀመረው አይጠይቁም። ሁለቱንም ይዘው ገመዱ ጋ ይሄዳሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ለሰው መቀመጫ ሲሠሩ የኖሩት ሰው ቁጭ ብሎ መከራከር አይወዱም ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ግን በቅርጫ ነው። ለፋሲካ በብሎካችን በሬ የሚገዙት ቤቶች ሥጋውን መደብ መደብ እንዲያደርጉላቸው የሚጠይቁት እሳቸውን ነበር። ሚዛን አይጠቀሙም። ንጹሕ ላስቲክ አንጥፈው ከሻኛውም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱም ለየመደቡ ያስቀምጣሉ። ከዚያ ተነሥተው ራቅ ይሉና ያዩታል። ከዚህ ቆርጠው እዚያ ይጨምራሉ፤ እንደገና ይርቃሉ። ሰው ርቦት «በቃ ጋሽ ወንድሙ፣ እኩል ነው» ቢላቸውም መደቦቹ ለዓይናቸው እኩል ካልሆኑ ዕጣ አይጣልም። ዕጣችን የቤት ቁልፍ ነው። ሁሉም ቁልፉን ያዋጣል፤ ሥጋውን ያላየ አንድ ሰው ፊቱን አዙሮ ቆሞ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ያቀብላል፤ በየመደቡ ላይ ይቀመጣሉ። ቁልፍህ ያረፈበት ያንተ ነው።

አንድ ዓመት ግን አንደኛው መደብ ላይ ጉበት ሳይደርስ ቀረ። መደቡ የደረሰው ሰው ሲያጉረመርም ሌሎቹ «ዕጣህ ነው፣ ተቀበል» አሉት። ጋሽ ወንድሙ ቢላዋቸውን አንሥተው ከራሳቸው ድርሻ ጉበቱን ቆርጠው ሰጡት። «ዕጣው ምን አደረገ?» አሉ። «ያጓደልኩት እኔ ነኝ። ሰው ዕጣውን ተቀበል የሚባለው መደቡ እኩል ሲሆን ነው።» ያን ጊዜ ልጅ ስለነበርኩ ነገሩ ስለ ጉበት ብቻ መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። ኮንዶሚኒየማችን ባለ አራት ፎቅ ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ ሲመጣም ግፊቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያልቃል። ሦስተኛ ፎቅ ጠብ ጠብ ይላል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ቧንቧው ሲከፈት አየር ብቻ ይወጣል። እኛ ሁለተኛ ፎቅ ነን። ጋሽ ወንድሙ ግራውንድ ላይ፣ በመንገዱ በኩል ናቸው። የፊት ክፍላቸውን ለፀጉር ቤት አከራይተዋል። አራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ዘይነባ አለች።

ዘይነባ ከወሎ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ቤቷ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ወገቧን ያማታል። በየቀኑ ከግቢው ቧንቧ ጀሪካን ሞልታ አራት ፎቅ ትወጣለች። ልጆቿ ይረዷታል፤ ግን ትልቋ ገና ስድስተኛ ክፍል ነበረች። አምና ሰኔ ላይ አንድ ደላላ ሁለት ጊዜ ደረጃውን ሲወጣ አየሁት። ዘይነባ ቤቷን አከራይታ ከከተማው ዳር፣ መሬት ላይ ያለ ቤት ልትከራይ ነበር። ያ ከሆነ የልጆቹም ትምህርት ቤት፣ የሷም ደንበኞች እዚህ ይቀራሉ።

ኮሚቴው በጣሪያ ላይ ታንከር ተሰቅሎ በፓምፕ እንዲሞላ ሐሳብ አቀረበና እሁድ ጠዋት ግቢው ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። እናቴ ተረኛ ነበረች። «የቤታችንን ድምፅ አንቺ ስጪ» አለችኝ። «እኛ ውሃ አለን። ከተዋጣም ሁሉም እኩል ይክፈል፤ ከዚያ ውጪ እጅሽን እንዳታወጪ።» የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅሁ ነበር። እንደ ትልቅ ሰው መቆጠሬ ደስ ብሎኝ ነጠላ ለብሼ ሄድኩ።

ሰብሳቢው መዋጮው በየቤቱ እኩል እንደሚሆን ተናገረ። ጋሽ ወንድሙ ተነሡ። «መክፈል የማይችሉ አሉ» አሉ። «የማይችሉት ተመዝግበው ግማሽ ይክፈሉ። የቀረውን የምንችለው እንሙላ። እኔ ፀጉር ቤት አከራይቻለሁ፤ እጥፍ እከፍላለሁ።»

እትዬ አስቴር እጃቸውን አወጡ። እትዬ አስቴር አንደኛ ፎቅ የሚኖሩ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናቸው። «ጋሽ ወንድሙ፣ እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ በጨለማ ተነሥቼ ታክሲ ተሰልፌ ነው እዚህ የደረስኩት» አሉ። «ለዘይነባ ቢሆን አልጠላም፤ ሠርታ የምታድር ናት። ግን ቶፊቅም አራተኛ ፎቅ ነው። ለቶፊቅም እኔ ልክፈል?»

ሁሉም ዞሮ ደረጃው ላይ የተቀመጠውን ቶፊቅን አየ። ቶፊቅ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ከእናቱ ጋር የሚኖር፣ ሥራ የሌለው ሰው ነው።

«እትዬ አስቴር፣ ስሜን ሲጠሩት እንዴት ያምርብዎታል» አላቸው።

«አንተ ዝም በል። በሰባት ሰዓት የሚነሣ ሰው አያናግረኝም።»

«ስድስት ተኩል ነው። አያጋንኑ።»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን ነገሩን ጨረሰው። ከዚያ በኋላ ስለ ውሃው ያወራ የለም፤ ሁሉም ስለ ቶፊቅ ነበር። ድምፅ ሲጠየቅ የጋሽ ወንድሙን ሐሳብ የደገፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የሚቃወም ሲባል እኔም እጄን አወጣሁ። ዘወር ስል ዘይነባም እጇን አውጥታለች። ጋሽ ወንድሙ እሷን አይተው ብዙ ጊዜ ቆሙ። ለእኩል ክፍያው ደግሞ መክፈል የማይችሉት እምቢ አሉ። ስብሰባው ምንም ሳይወስን ተበተነ።

ጋሽ ወንድሙ በደረጃው ላይ ደረሱብኝ። «ማህሌት፣ ያወጣሽው እጅ ያንቺ ነው የእናትሽ?»

«የእማዬ» አልኳቸው።

«እሷ እኮ አልነበረችም» አሉና አለፉ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘይነባ ሁለት ጀሪካን ይዛ ልትወጣ ስትል አፍሬ አንዱን ተቀበልኳት። ጋሽ ወንድሙም ተመልሰው ሌላውን ያዙ። አራተኛ ፎቅ ስንደርስ ሁለታችንም ትንፋሻችን ተቆራርጧል። ጀሪካኑን አስቀምጠው ግድግዳ ተደግፈው «ዘይነባ፣ ላንቺ ብዬ ባነሣሁት አንቺው ትቃወሚኛለሽ?» አሏት።

«ለኔ ብለው መሆኑን አውቃለሁ» አለች። «ግን የማይችሉ ይመዝገቡ አሉ። የት ነው የምመዘገበው? ኮሚቴው ደረጃው ሥር ግድግዳ ላይ ሊለጥፈው አይደል? ልጆቼ በዚያ በኩል ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። ጋሽ ወንድሙ፣ እኔ እሰፋለሁ፣ እበላለሁ። ጀሪካን ይከብደኛል፤ ስሜ እዚያ ከሚለጠፍ ግን ይክበደኝ።»

ጋሽ ወንድሙ አፋቸው ውስጥ ምስማር ያለ ይመስል ዝም አሉ። ከዚያ «ተሳስቻለሁ» አሏት። አንድ ሽማግሌ ሰው እንዲህ ቀጥ አድርጎ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። «እኔ አንቺን ልረዳ ተነሣሁ። አንቺ መች ረዱኝ አልሽ?»

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቤቱ ዞሩ። ማታ ከወርክሾፕ ሲመለሱ አንድ ሁለት ቤት ያንኳኳሉ። እትዬ አስቴር ቤት ግን ሦስት ቀን ፈጀባቸው፤ ሲገቡ እንደ ልማዳቸው ሶፋውን ቆንጥጠው ሞላው መሰበሩን ስላወቁ እየጠገኑ ነበር የሚከራከሩት።

«ሶፋዬን ስለሠሩልኝ ድምፄን የምሰጥ እንዳይመስልዎት» ብለዋቸዋል እትዬ አስቴር።

«ድምፅሽን በሶፋ ብፈልግማ፣ ሞላውን ፈትቼ ሳልመልስ እጠይቅሽ ነበር» አሏቸው። ይህን ኋላ የነገሩን ራሳቸው እትዬ አስቴር ናቸው፤ ሲነግሩን እየሳቁ ነበር።

በሁለተኛው ስብሰባም እናቴ ተረኛ ነበረች፤ የነገረችኝም ያንኑ ነው። ጋሽ ወንድሙ ከሰብሳቢው ጠረጴዛ ፊት ሄደው ቆሙ።

«ባለፈው ያልኩትን ትቼዋለሁ» ብለው ጀመሩ። «ማንም የማይችል ተብሎ አይመዘገብ። የታንከሩም ሆነ በየወሩ የሚመጣው የፓምፑ መብራት ክፍያ በፎቅ ይሁን። ግራውንድ በመንገድ በኩል ያለን የበለጠ እንክፈል፤ ወደ ላይ ሲወጣ እየቀነሰ ይሂድ። አራተኛ ፎቅ ከሁሉም ያነሰ።»

«ለምን?» አሉ እትዬ አስቴር። «ግራውንድ መኖር ጥፋት ነው?»

«ጥፋት አይደለም፤ ሥራም አይደለም። አስቴር፣ እኔ ግራውንድ የደረሰኝ ሶፋ ስለሠራሁ ነው?»

«ዕጣ ነው።»

«ዕጣ ነው። ከወርክሾፕ የማመጣው የላቤ ነው፤ ማንም አይንካብኝ። ያንቺም ደመወዝ እንደዚያው። የፀጉር ቤቱ ኪራይ ግን ከላብ አልመጣም። ስሜ መንገድ ዳር ስለወጣ ነው። የዘይነባ ስም አራተኛ ፎቅ ላይ ወጣ። ቅርጫ ስንገባ መጀመሪያ መደቡን እናስተካክላለን፣ ከዚያ ዕጣ እንጥላለን። እዚህ ቤት ግን ዕጣው ወጣ፣ መደቡን ያስተካከለ የለም። ጉበቱ ሁሉ እኛ ጋ ነው ያለው።»

«ቶፊቅስ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ቶፊቅ ሰነፍ ነው» አሉ ጋሽ ወንድሙ። ቶፊቅ ራሱን ነቀነቀ። «ግን አራተኛ ፎቅ የወጣው ስለሰነፈ አይደለም። የእናቱ ዕጣ ነው። ቢተጋም ውሃው አይወጣለትም።»

ከዚያ ኪሳቸው ገብተው የቤታቸውን ቁልፍ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ሁሉም ቤት እኩል ነው፣ እኩል እንክፈል የሚል ሰው ቁልፉን እዚህ ያምጣ። አሁን እንደገና ዕጣ እናውጣ። የደረሰንን ይዘን እኩል እንከፍላለን። አራተኛ ፎቅ ከደረሰኝ ዛሬውኑ ዕቃዬን እጭናለሁ።»

የቀለዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁት። አልቀለዱም። ባለቤታቸው ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው ነበር።

መጀመሪያ የተነሣው ቶፊቅ ነው። ከደረጃው ወርዶ ቁልፉን ከጋሽ ወንድሙ ቁልፍ አጠገብ አደረገ። «እኔ ዝግጁ ነኝ» አለ። «ፀጉር ቤቱ ከደረሰኝ ሁላችሁንም በነጻ አስቆርጣለሁ።»

ሰው ሳቀ፤ በዚህኛው ሳቅ ግን ማንም ነገሩን አልረሳም። ሌላ ቁልፍ ያመጣ የለም። እኔም የእናቴ ቁልፍ መዳፌ ውስጥ ነበር፤ ጨብጬው ቀረሁ። ሁለተኛ ፎቅን በአራተኛ ፎቅ ለመለወጥ እንደማልደፍር ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ያን ካወቅሁ ደግሞ እኩል ነን ብዬ እጄን ማውጣት አልቻልኩም።

እትዬ አስቴር ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ይዘው ቁልፎቹን ሲያዩ ቆዩ። «ቁልፌን አላመጣም» አሉ በመጨረሻ። «አላመጣም ካልኩ የማወራው የለኝም። ግን አንድ ነገር፤ ፓምፑን ውሃ በሚመጣበት ቀን ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ የሚያስነሣ ሰው ያስፈልጋል። ቶፊቅ ይሥራው።»

«ውሃውን የሚያገኘው ከሠራ ነው እንዳንል ብቻ» አሉ ጋሽ ወንድሙ። «ውሃው መደቡን ለማስተካከል ነው። ሥራው ሌላ ነው፤ እሱን ራሱን እንጠይቀው።»

«ጎሕ የሚቀደው ስንት ሰዓት ነው?» አለ ቶፊቅ።

«አይተኸው አታውቅም?» አሉት እትዬ አስቴር።

«ስተኛ አየዋለሁ» አለ። ሥራውን ግን ተቀበለ፤ ሠራውም።

ድምፅ ተሰጠ። እጄን ለጋሽ ወንድሙ ሐሳብ አወጣሁ። በሦስት ድምፅ ብልጫ አለፈ። ዘይነባ በዚያ ቀን አልደገፈችም፤ አልተቃወመችምም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት መሬት እያየች ተቀመጠች። ማታ ለእናቴ ያደረግሁትን ነገርኳት። ተቆጣች፤ ስለ ቁልፉም ነገርኳት። ጫማዋን እያወለቀች ብዙ አሰበችና «እኔም አላስቀምጥም ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ አላነሣችውም።

ታንከሩ ከመስከረም በፊት ተሰቀለ። ደላላው አልተመለሰም። ዩኒቨርሲቲ ለመሄድ ዕቃዬን ሳስር ጋሽ ወንድሙ ደረጃው ላይ አግኝተውኝ ሻንጣዬን ቆነጠጡት። «ስፌቱ ደካማ ነው» አሉኝ። «አትሙዪው።» ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው።

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ባለቤታቸው ቤቱን ለልጃቸው ለዳዊት ሰጡት። ዳዊት ክፉ ሰው አይደለም። የተማረ፣ ሥራ ያለው ሰው ነው። ነገር ግን ለእሁድ ጠዋት የብሎኩን ስብሰባ አስጠራ። እናቴ በስልክ ስትነግረኝ «አንቺ አትምጪ፣ ቅዳሜ ማታ አዳር ነኝ እንጂ እኔ እሄድ ነበር» አለች። ቅዳሜ ከሰዓት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። እናቴ ሥራ ልትወጣ ስትል በር ላይ አገኘኋት። በዚህኛው ስብሰባ እጄን ለየትኛው እንደማወጣ አልነገረችኝም።

ዳዊት በትሕትና ነው የተናገረው። «አባቴ በየወሩ ለፓምፑ በፈቃዱ ብዙ ይከፍል ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። እኔ ግን ያኔ አልተስማማሁም። ከዚህ በኋላ እንደ ሁሉም ሰው እኩል ልክፈል፤ ለሌሎቹም ግራውንዶች እንደዚያው ይሁን።»

አንዳንዶች ተጠጋግተው እርስ በርስ ተንሾካሾኩ። ብዙዎቹ ሐዘንተኛን ፊት ለፊት መቃወም ከብዷቸዋል። የተነሡት እትዬ አስቴር ናቸው።

«ዳዊት፣ አምና አባትህን የተከራከርኳቸው እኔ ነኝ» አሉት። «ሰው ሠርቶ ያገኘውን አትንኩበት ያልኩት እኔ ነኝ። አሁንም እላለሁ። አባትህ ቢያንስ ተመዝግበው፣ ቆጥበው፣ ዓመታት ጠብቀው ነው ዕጣው የወጣላቸው። አንተ ይህን ቤት ለማግኘት ምን ሠራህ?»

ዳዊት ወደ አባቱ በር አይቶ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ወረቀቱን አገላበጠ።

ያን ጊዜ ከመጨረሻው ረድፍ አንድ እጅ ወጣ። ዘይነባ ናት። ቆማ፣ እጇን እስከ ላይ ዘርግታ ነበር። በቀደሙት ስብሰባዎች ስሟ እንዳይጠራ ስትፈራ የነበረችው ሴት ሁሉም ሰው እያያት አልተንቀሳቀሰችም።

«ዘይነባ፣ መናገር ፈልገሽ ነው?» አላት ሰብሳቢው።

«አይደለም። ድምፄ ነው። የጋሽ ወንድሙ ውሳኔ እንዳለ ይቀጥል።»

«ገና ድምፅ ስጡ አላልኩም እኮ።»

«ግድ የለም፣ እስኪሉ ይቆያል» አለች። «እኔ አላወርደውም።»